ከደብረ ማርቆስ ወደ ጥቁር አንበሳ፦ የ6 ዓመት ልጅ፣ የደም ካንሰር ጥርጣሬ። ምን ይዘን እንሂድ? እንዴትስ እናስታምመው?

አክስት ከማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። የእህቴ ልጅ 6 ዓመቱ ነው። ሲገረጣ፣ ቆዳው በትንሽ በትልቁ ሲበልዝ፣ ትኩሳቱም አልለቅ ሲለው እዚህ ተመረመረና ደሙ ላይ ብላስት የሚባሉ ሴሎች ታዩ። የደም ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ለጥቁር አንበሳ ሪፈር ተጽፎለታል። ከነገ ወዲያ እንነሳለን። አዲስ አበባ የሚያሳድረን ዘመድ የለንም። እናቱ የ4 ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የ3 ዓመት ሴት ልጅም ቤት አለች። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ነን። ሜሪላንድ ያለው ወንድማችን መድኃኒት ልላክ ይላል። ምን ወረቀት እንያዝ? ሕክምናው ስንት ጊዜ ይፈጃል? ደም ከየት ይመጣል? ምግቡስ? የምታውቁ እባካችሁ ዝርዝሩን ንገሩን።

ሲስተር መ. (የሕፃናት ክፍል ነርስ)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርላችሁ። የሚያስቸኩለው ጉዞው ስለሆነ ከእሱ ልነሳ።

ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዓባይ በረሃም አለበት። ልጁ አሁን ትኩሳት ካለው፣ ወይም ከድዱና ከአፍንጫው የሚደማ ከሆነ እንዲሁ በሚኒባስ አይጫንም። ሪፈር የጻፈውን ሐኪም ሄሞግሎቢኑና ፕላትሌቱ (ደም የሚያረጋው ሴል) ስንት እንደሆነ፣ ከመነሳቱ በፊት ደም ወይም በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁት። ፕላትሌት ከ10,000 በታች ሲወርድ ልጅ ሳይወድቅ ሳይመታ በራሱ ሊደማ ይችላል። ሁለቱም ካስፈለጉ እዚያው ተሰጥቶት፣ በአምቡላንስ ይሂድ።

ሌላው፣ ይህን አጥብቃችሁ ያዙልኝ፦ መቅኔው ተወስዶ የካንሰሩ ዓይነት እስኪለይ ድረስ ዴክሳም (ዴክሳሜታዞን) ሆነ ፕሬድኒሶሎን እንዳይሰጠው። ትኩሳት ያበርዳል፣ ምግብ ያስበላል እየተባለ በየክሊኒኩ ቶሎ የሚወጋ መድኃኒት ነው። ግን ራሱ የሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ሕክምና አካል ስለሆነ ሴሎቹን ለጊዜው ያሸሻቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚወሰደው መቅኔ ዓይነቱን በትክክል ላያሳይ ይችላል። ቀድሞ ተሰጥቶት ከሆነም አትደብቁ፤ ስሙን፣ መጠኑንና ቀኑን ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡ።

የሚያዘው ይኸው ነው፦ ማኅተም ያረፈበት ሪፈር፣ የደም ምርመራ ውጤቶች በሙሉ፣ የታየበት የደም ስላይድ (ላቦራቶሪውን ጠይቁ፣ በወረቀት ጠቅልለው ይሰጧችኋል)፣ የደረት ራጅ ተነስቶ ከሆነ ፊልሙ፣ የክትባት ካርድ፣ የወላጅ መታወቂያ፣ የጤና መድን ደብተር። ከእያንዳንዱ 3 ኮፒ አድርጉ፤ አንዱ ኮፒ ማርቆስ ይቅር። ከመነሳታችሁ በፊት ወረዳችሁ ጤና መድን ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የዓመቱ እድሳት መከፈሉን፣ የሪፈሩ ሰንሰለት አለመዘለሉን፣ ወረዳው ከምትሄዱበት ሆስፒታል ጋር ውል ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ሰው ብዙ ገንዘብ ከኪሱ የሚያወጣው እዚህ ጋ አንድ ማኅተም ጎድሎበት ነው።

አሁን ስለ ሕክምናው። በልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ኤ ኤል ኤል የሚባለው ዓይነት ነው፤ እሱ ከሆነ እንደሚከተለው ነው። መጀመሪያ ከዳሌ አጥንት መቅኔ፣ ከወገብ ደግሞ የጀርባ ፈሳሽ ይወሰዳል። ከዚያ የመጀመሪያው ዙር ከ4 እስከ 5 ሳምንት ይቆያል። በሳምንት አንድ ቀን ቪንክሪስቲን በደም ሥር፣ በየቀኑ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን፣ በየመሐሉ አስፓራጂኔዝ፣ በወገብ በኩል ሜቶትሬክሴት ይሰጠዋል። በዙሩ መጨረሻ መቅኔው እንደገና ይታያል። ከዚያ ማጠናከሪያ ዙሮች፣ ከዚያ ቤት ሆኖ የሚዋጥ ኪኒን ይከተላል። ተደምሮ ከ2 ዓመት እስከ 2 ዓመት ተኩል ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ይሄዳል። ይህን ቁጥር ዛሬውኑ ለአባቱም፣ ለአያቶቹም ንገሯቸው። «አንድ ወር ታክሞ ይመለሳል» ብሎ የመጣ ቤተሰብ ገንዘቡንም ጉልበቱንም በመጀመሪያው ወር ይጨርሳል።

የመጀመሪያው ሳምንት ዋና ሥጋት፣ የሚሞቱት የካንሰር ሴሎች ይዘታቸውን ደም ውስጥ ሲያፈስሱ ኩላሊት እንዳይዘጋ ነው። ለዚህ ነው ግሉኮሱ ሌት ተቀን የማይነቀለው፤ አሎፑሪኖልም ይጨመራል። የአስታማሚ ሥራ ሽንት መለካት ነው። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አፉን ቆርጣችሁ፣ በሲሪንጅ 50 ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ሊትር እየጨመራችሁ በማርከር መስመር አድርጉበት። በሸና ቁጥር፣ ሌሊትም ጭምር፣ ሰዓቱንና መጠኑን ጻፉ። ለ6 ሰዓት ያህል ካልሸና፣ ወይም ሽንቱ ኮካ ከመሰለ ነርስ ጥሩ፤ እስኪነጋ አትቆዩ። በእነዚህ ቀናት ሙዝና ብርቱካን ሐኪሙ ሳይፈቅድ አታብሉት፤ ፖታሲየማቸው ከፍ ያለ ነው።

ቪንክሪስቲን ሆድ ያደርቃል። ሁለት ቀን ሙሉ ካልወጣለት ተናገሩ፤ ማለስለሻ ይታዘዝለታል። በፊንጢጣ ግን ምንም አይገባም፦ ቴርሞሜትርም፣ ሳሙናም፣ እኔማም (በፊንጢጣ የሚገባ ማጠቢያ)። መንጋጋውን ሊያመው፣ ሲሄድ እግሩን ሊጎትት ይችላል፤ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩ። መድኃኒቱ እየገባ ሳለ ልጁ «አቃጠለኝ» ካለ ወይም ክንዱ ካበጠ «ታገሥ» አትበሉት፤ ወዲያው አስቁሙ። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋውን ያቆስላል።

ፕሬድኒሶሎኑ ከምግብ ጋር ነው የሚሰጠው፣ ሐኪሙ ሳያዝም በድንገት አይቆምም። ልጁ ሌሊት ተነስቶ ምግብ ይጠይቃል፣ ይነጫነጫል፣ ይቆጣል፣ ፊቱ ይነፋል። ባሕርዩ ተበላሽቶ አይደለም፤ አትቆጡት። ጨው ቀንሱ፣ ለስላሳና ከረሜላ አርቁ፤ ስኳሩ ሊወጣ ይችላል። አስፓራጂኔዝ ከተሰጠ በኋላ ቢያንስ ለ1 ሰዓት አጠገቡ ሁኑ፦ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር አለርጂ ነው። በቀጣዮቹ ቀናት ወደ ጀርባ የሚወጋ ከባድ የሆድ ሕመምና ትውከት ከመጣ ቆሽቱ ተቆጥቶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ተናገሩ።

አክስት ከማርቆስ

ሲስተር፣ እድሜ ይስጥልኝ። ዛሬ ጠየቅን፤ ፕላትሌቱ 14,000 ነው አሉ። ትኩሳቱ ግን በፓራሲታሞል ይወርድና ይመለሳል።

ሲስተር መ.

ይህ ትኩሳት ሌላ ጊዜ እንደምታውቁት ትኩሳት አይደለም፣ እህቴ። ነጭ የደም ሴሉ ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባለው ከ500 በታች ሲወርድ ሰውነቱ የሚከላከልበት ስለማይኖር ተህዋሲው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ደሙን ይመርዘዋል። መግል አይይዝም፣ አያብጥም፣ አያስልም፤ ምልክቱ ትኩሳት ብቻ ነው። ፓራሲታሞል ያንን ብቸኛ ምልክት ይደብቃል። ስለዚህ አሁን ማርቆስ ሆስፒታል መልሱት፤ የደም ናሙና ተወስዶ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ይጀመርለትና ከዚያ ይንቀሳቀስ።

ከዛሬ ጀምሮ ዲጂታል ቴርሞሜትር ከእናቱ ቦርሳ አይለይ። ብብቱን አድርቃችሁ፣ እስኪጮህ ድረስ ክንዱን አጣብቃችሁ ያዙ። 38 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ቀንም ይሁን ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ወደ ሆስፒታል ነው። ብርድ ብርድ ብሎት ከተንቀጠቀጠ፣ ፈዝዞ ከተኛ፣ ወይም እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ ቴርሞሜትሩ 37 ቢልም ሂዱ። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ «ልጁ የኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ታካሚ ነው፣ ትኩሳት አለው» ይሁን፤ ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት። አንቲባዮቲኩ በ1 ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት፤ ሰልፍ ላይ ዝም ብላችሁ አትቁሙ።

አባት ከጎፋ

እኔ የምጨምረው ከአልጋው ውጭ ስላለው ነው።

ማደሪያን በተመለከተ፣ ክፍሉ ውስጥ ሶሻል ወርከሯን በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ የካንሰር ሕመምተኛ ልጆችና አስታማሚዎች ማረፊያና ድጋፍ ከሚሰጡት ውስጥ ተስፋ አዲስ የሚባለው የወላጆች ድርጅት አለ፤ ልጁን በደም ካንሰር ያጣ ቤተሰብ ያቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም አለ። ሁለቱም የሆስፒታሉን ወረቀት ስለሚጠይቁ ምርመራው እንዳለቀ ደብዳቤ አጽፉ። ቦታ እስኪገኝ ቤት የምትከራዩ ከሆነ ርካሽ ብላችሁ ሩቅ አትሂዱ። ሌሊት ትኩሳት ሲነሳ ታክሲ አግኝቶ በግማሽ ሰዓት የማይደረስበት ቤት ለዚህ ልጅ አይሆንም። የጋራ ሽንት ቤቱንና ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣም እዩ።

ደም። አዲስ አበባ ደም የሚመጣው ከብሔራዊ ደም ባንክ ነው፤ ሆስፒታሉ ግን ምትክ ለጋሽ አምጡ ሊላችሁ ይችላል። ለጋሽ ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ቢያንስ 45 ኪሎ ይሆናል፤ አንዴ ከሰጠ 3 ወር ይጠብቃል። ሰው የሚሳሳተው ሁሉንም ወዳጅ በአንድ ቀን ሰብስቦ በመውሰድ ነው። ቀዩ ደም በፍሪጅ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል፤ ፕላትሌት ግን 5 ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ከፍሪጅ ውጭ እየተንቀጠቀጠ። ስለዚህ የለጋሾችን ስም፣ ስልክና የደም ዓይነት ጽፋችሁ በሳምንት ሁለት ሦስት ሰው አድርጋችሁ አሰልፏቸው። ማኅበር፣ ዕድር፣ የሥራ ባልደረባ፣ ዩኒቨርሲቲ ያለ የሰፈር ልጅ ሁሉ እዚህ ይጠቅማል። የወላጅና የወንድም እህት ደም በቀጥታ ለልጁ እንዲሰጥ አይመረጥም፤ በጨረር ካልታከመ አደገኛ የሆነ ግጭት ሊያመጣ ይችላል። አባትየው ለባንኩ ይስጥ፣ ልጁ ከሌላ ሰው ይወስዳል። እናትየው ነፍሰ ጡር ስለሆነች እሷ አትሰጥም።

የአስታማሚ ፈረቃ ከመጀመሪያው ይታሰብበት። አንድ ሰው ብቻውን ወር ሙሉ ወንበር ላይ አድሮ ንቁ አይሆንም፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ ጭራሽ። ሁለት ሰው በሦስት በሦስት ቀን ይፈራረቁ። ሲቀያየሩ አንድ ደብተር ይረካከቡ፦ በቀኝ ገጽ ሙቀት፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ ትውከት፤ በግራ ገጽ የተሰጠው መድኃኒትና ሐኪሙ በራውንድ ላይ (አልጋ ለአልጋ ሲዞር) ያለው። ራውንድ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ማታ ይጻፍ፤ ጠዋት ሐኪሞቹ ሲከቡ ሁሉም ይረሳል። ዘመድ ስልክ እየደወለ እናትየውን እንዳያደክማት አንድ ሰው፣ ለምሳሌ አንቺ፣ ማታ ማታ ለሁሉም በአንድ መልእክት ሁኔታውን አሳውቂ።

ጠያቂ በብዛት እንዳይመጣ ማለት በባህላችን ከባድ ነው፤ ግን የግድ ነው። ጉንፋን ያለበት አይግባ፣ ሕፃናት አይምጡ። የሚገባው እጁን በሳሙና ታጥቦ ማስክ ያድርግ፣ አልጋው ላይ አይቀመጥ፣ ልጁን አይሳም። ብርቱካን ተሸክሞ ሊመጣ የነበረ ሰው ለታክሲ፣ ለመድኃኒት ወይም ለማርቆሷ ልጅ ሞግዚት ይስጥ፤ በግልጽ ንገሩት፣ ሰው ደስ ብሎት ያደርገዋል።

አባትየው ተቀጣሪ ከሆነ በአዋጅ 1156/2011 የዓመት ፈቃዱ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ለልዩና አሳሳቢ ጉዳይ ደግሞ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ፣ በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ ሳይበልጥ ይፈቀድለታል። ሁሉን በመጀመሪያው ሳምንት አይጨርሰው። የሆስፒታሉን ማስረጃ ይዞ አሠሪውን ቀድሞ ያነጋግር።

ልጁን ራሱን አትርሱት። በ6 ዓመቱ ሕመሙ ባጠፋው ጥፋት የመጣ ቅጣት ሊመስለው ይችላል፤ «ማንም ምንም አላጠፋም» በሉት፣ ደጋግማችሁ። የበሽታውን ስም ንገሩት፤ ከጎን አልጋ መስማቱ አይቀርም። መርፌ እያለ «የለም» አትበሉት፤ አንዴ ከተዋሸ ቀጥሎ ደረቱን ለማዳመጥ እንኳ እጁን አይሰጥም። ሲወጋ እናቱ ጭኗ ላይ ፊቱን ወደ እሷ አዙራ ትቀፈው፤ ቀኝ ወይስ ግራ እጅ የሚለውን እሱ ይምረጥ። «እምቢ ካልክ ሲስተርን እጠራልሃለሁ፣ ትወጋሃለች» የሚባለው ነገር ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ቤት የቀረችው ልጅ ደግሞ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት በስልክ ድምፁን ትስማ።

የፋርማሲ ሰው

ስለ መድኃኒቱ ብቻ ልጻፍ።

ሆስፒታሉ «ከውጭ ግዙ» ያላችሁ እንደሆነ የመጀመሪያው መሄጃ የከነማና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች ናቸው። ማዘዣውን ፎቶ አንሱት። ደረሰኝ በታካሚው ስም ይቆረጥ፣ ኦርጅናሉ ይቀመጥ፤ ጤና መድኑ የሚመልስላችሁ ካለ ያለ እሱ አይሆንም። ቪንክሪስቲንና አስፓራጂኔዝ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚቀመጡ ናቸው። ከፍሪጅ ሲወጡ አይታችሁ ግዙ፤ አይስ ቦክስ ይዛችሁ ሂዱ። በረዶውን በፎጣ ጠቅልሉት፤ ብልቃጡ በረዶ ከነካና ከረጋ ተበላሸ ማለት ነው። የሚሰጥበት ቀን ጠዋት ግዙ፤ ቤት አታሳድሩ። ፋብሪካው፣ የባች ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን በደብተሩ ላይ ይጻፍ።

ወንድማችሁ መድኃኒት አይላክ። በሻንጣ የመጣ ብልቃጥ በመንገድ ስንት ዲግሪ እንደቆየ ማንም አያውቅም፤ ሐኪምም ሊሰጠው አይደፍርም፤ ጉምሩክም ሊይዘው ይችላል። እሱ ገንዘብ ይላክ። በጓዙ ሊያመጣ ከፈለገ ሁለት ዲጂታል ቴርሞሜትር፣ ለስላሳ የልጅ ጥርስ ብሩሽ፣ ኪኒን መቁረጫ፣ የሳምንት ኪኒን ማስቀመጫ ሳጥን፣ ጓንትና ማስክ ያምጣ። እነዚህ ሁሉ ሥራ ላይ ይውላሉ።

እናትየው ነፍሰ ጡር ስለሆነች ይህን ልብ በሉ። የኬሞ ኪኒን አትሰብር፣ አትፍጭ፣ ባዶ እጇን አትንካ። ኬሞ ከተሰጠ በኋላ ለ48 ሰዓት የልጁ ሽንት፣ ሰገራና ትውከት ውስጥ መድኃኒቱ አለ፤ ያንን የሚያጸዳው ሌላ ሰው ነው፣ እሱም በጓንት። የተበላሸ አንሶላ ከሌላ ልብስ ሳይቀላቀል ሁለቴ ይታጠባል። ልጇን ግን ማቀፍ፣ መሳም፣ አብራው መተኛት ትችላለች፤ ይህ አያስፈራት።

ቤት ስትመለሱ የሚዋጡት ሁለቱ ኪኒኖች ላይ ስሕተት ይበዛል። መጠኑ የሚሰላው በሰውነቱ ስፋት ስለሆነ በየቀጠሮው ቁመትና ክብደቱ ይለካ። ክብደቱ 20 ኪሎ፣ ቁመቱ 115 ሳንቲም የሆነ ልጅ ስፋቱ 0.8 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። መርካፕቶፑሪን 50 ሚሊ ግራም ኪኒን በየቀኑ ማታ ማታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይሰጣል። ስሌቱ ሙሉ ኪኒን ላይ ስለማያርፍ ሐኪሙ «ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ግማሽ» የሚል ሊያዝ ይችላል፤ በሳምንቱ ሳጥን እሑድ ማታ ይደልደል። ሜቶትሬክሴት ደግሞ 2.5 ሚሊ ግራም የሆነች ትንሽ ቢጫ ኪኒን ናት፤ ለዚህ መጠን ላለው ልጅ በአንድ ጊዜ 6 ያህል ሊታዘዝ ይችላል፣ ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ! በየቀኑ ከተሰጠች መቅኔውን ታደርቃለች፣ አፉን ታቆስላለች፣ ትገድላለች። ቀኑን ምረጡ፣ ካርቶኑ ላይ በቀይ «ዓርብ ብቻ» ብላችሁ ጻፉ፤ የሚሰጠውም አንድ ሰው ይሁን። ማታ ረስታችሁ ጠዋት ብታስታውሱ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትደርቡ።

በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን የሚታዘዘው ኮትሪሞክሳዞል ተራ መድኃኒት ስለሚመስል ቶሎ ይተዋል። የሚከላከለው ልጁን ሊገድል የሚችል የሳንባ ምች ነው፤ አይቋረጥ። አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክ አይነኩ፤ በጡንቻ የሚወጋ መርፌም ያለ ካንሰር ሐኪሙ ፈቃድ አይወጋ። ዳማከሴ፣ ጤናዳም፣ ጥቁር አዝሙድ በመጠጥ መልክ የሚሰጥ ሰው ቢመጣ በትሕትና መልሱት፤ ጉበቱ ኬሞውን ለማስወገድ እየሠራ ነው፣ በላዩ ሌላ አይጨመርበት።

አክስት ከማርቆስ

ማርቆስ ሆስፒታል ተመልሰን አንቲባዮቲክ ተጀምሮለታል፣ ደምም ወሰደ። እግዜር ይስጣችሁ። ነገ በአምቡላንስ ይሄዳል። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ አያቱ ቅድሚያ ጠበል ካልሄደ ብለው አልቅሰዋል። ጾሙንስ? ምግቡንም እስካሁን ማንም አልነገረኝም።

ዲያቆን ከእንጦጦ

ጾሙ አያሳስባችሁ። ገና 7 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ ታማሚም ነው፤ ሥርዓቱም አያስገድደውም። እንቁላሉን፣ ሥጋውን ይብላ፤ ነፍሰ ጡሯም የንስሐ አባቷን ታማክር። ስለ ጠበል ቤተ ክርስቲያን መድኃኒትን ከጠበል አላጣላችም፤ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ለአያቱ ይህን ንገሩልኝ። አሁን ወደ ምንጩ ሄዶ በብርድ ከሕዝብ ጋር መጠመቅ ለዚህ ልጅ አይሆንም፤ ያልፈላ ውኃ መጠጣትም እንዲሁ። የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ በንጹሕ ዕቃ አቅርቡ፤ የንስሐ አባታችሁ እዚያው ጸሎት ያድርሱበት፣ ይረጩት፣ ያጠጡት። መስቀሉን ሲያሳልሙት ግን ግንባሩን ያስነኩት እንጂ በከንፈሩ አይሳም፤ አባቶች ይህን ያውቃሉ።

ሲስተር መ.

ዲያቆን፣ ይባርክዎ። አያቱ በዚህ ይረጋጋሉ ብዬ አምናለሁ።

ምግቡ ቀላል ነው፦ በደንብ የበሰለ፣ ትኩስ፣ እቤት የተሠራ። ኒውትሮፊሉ ዝቅ ባለበት ጊዜ ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት፣ እርጎና አይብ፣ ጥሬ ሰላጣ፣ ያደረ ወጥ ይቅር። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ ታጥቦ እዚያው የሚላጥ ይሁን (የመጀመሪያው ሳምንት ክልከላ ሲነሳ)። አስፓራጂኔዝ ባለበት ሳምንት ቅቤ ይቀነስ። አፉ ሲቆስል በርበሬ አይችልም፤ አልጫ ሽሮ፣ አጥሚት፣ የተፈጨ ድንች፣ ገንፎ በብዙ ጊዜ ጥቂት ጥቂት። አፉን ለማጠብ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጡ። ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት፣ በቀን 4 ጊዜ ይጉመጥመጥና ይትፋ። በየቀኑ አዲስ ይሠራ። ከንፈርና ምላሱ ላይ ነጭ ነጭ ካያችሁ ፈንገስ ስለሚሆን አሳዩ።

የወገብ መርፌ ቀን በማደንዘዣ ከሆነ ማደንዘዣው ሊሰጥ 6 ሰዓት ሲቀረው ምግብ፣ 2 ሰዓት ሲቀረው ንጹሕ ውኃ ይቆማል። ፕሬድኒሶሎን ላይ ያለ ልጅ ጾሞ መቆየት ያሳብደዋል፤ በዝርዝሩ ቀድሞ እንዲገባ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ለ1 ሰዓት ያህል በጀርባው ይተኛ።

ቤት ስላለችው የ3 ዓመት ልጅ፦ የአፍ ፖሊዮ ክትባት ሕያው ስለሆነ በቤት ለቤት ዘመቻ ስትጠጣ በሰገራዋ ወደ እሱ ሊተላለፍ ይችላል። ወንድሟ ኬሞ ላይ እንዳለ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ቀድማችሁ ንገሯት። የኩፍኝ ክትባቷ ግን አይቀር፤ እሷ ካልታመመች እሱም ከእሷ አይያዝም። ለእሱ ራሱ ምንም ሕያው ክትባት አይሰጥም። ከጉድፍ ወይም ከኩፍኝ ታማሚ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ከቆየ ምልክት እስኪወጣ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ለክፍሉ ደውሉ።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝን ልጻፍ። ከ5 ሳምንት በኋላ መቅኔው ንጹሕ ነው ትባላላችሁ። ልጁ ይጫወታል፣ ይበላል፣ ጸጉሩ ብቻ ነው የሌለው። ገንዘብ አልቋል፣ እርሻው ቆሟል፣ ሰው ሁሉ «ድኗል፣ ምን ያመላልሳችኋል» ይላል። ብዙ ልጅ የሚጠፋው በዚህ ጊዜ ነው። በማይክሮስኮፕ የማይታዩ ሴሎች አሉ፤ ሕክምናው ከተቋረጠ ሉኪሚያው ይመለሳል፣ የተመለሰው ደግሞ መድኃኒቱን ተላምዶ ስለሚመጣ ያስቸግራል። መሄድ የማትችሉበት ቀጠሮ ካለ ዝም ብላችሁ አትቅሩ፤ ደውሉ፣ ቀን ይቀየራል። ሶሻል ወርከሯ የመጓጓዣ ድጋፍ የምታፈላልግበት መንገድ አላት፤ ገንዘቡ ከማለቁ በፊት ንገሯት።

አዲስ አበባን ስትለቁ ከክፍሉ ሐኪም ለማርቆስ ሆስፒታል የተጻፈ ደብዳቤ ሳትይዙ አትውጡ። የበሽታው ስም፣ ያለበት ዙር፣ የመጨረሻው ኬሞ ቀን፣ ክብደቱና ቁመቱ፣ ትኩሳት ሲመጣ የሚጀመረው አንቲባዮቲክ ስምና መጠን፣ የክፍሉ ስልክ ይኑርበት። ማርቆስ ስትደርሱ ልጁ ደህና እያለ ወደ ድንገተኛ ክፍሉ ወስዳችሁ ኮፒውን አስቀምጡ፤ አንዱ ኮፒ በቴርሞሜትሩ ቦርሳ ይሁን። ትኩሳት ሲነሳ ወደ አዲስ አበባ መኪና ፍለጋ አትሂዱ። የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ማርቆስ ይሰጠው፣ ከዚያ ይደወል፤ ይምጣ ከተባለ ያኔ ይጓዛል።